ጎረቤትን ስለ ማሸነፍ

ሰው ባልንጀራውን እንደ ራሱ አድርጎ እንዲወድ ታዟል። ይህንንም ትእዛዝ ከልጅነታችን ጀምረን በቤተ እግዚአብሔርም፣ በትምህርት ቤትም፣ በሽማግሎች ፊትም ሰምተነዋል። ነገር ግን ይኸው ሰው በዓመት አንድ ቀን ከጎረቤቱ ጋር ሜዳ ላይ ይወጣና ጎረቤቱ እንዲሸነፍ ከልቡ ይመኛል፤ ምኞቱ ሲፈጸምለትም ይጨፍራል፣ ያቅራራል፣ በተሸነፈው ላይ ይሳለቃል። ክፉ ሰው ብቻ አይደለም ይህን የሚያደርገው፤ በሰፈሩ ደግ የሚባለውም ሰው ያደርገዋል፤ አድርጎትም ወደ ቤቱ ሲመለስ ንስሐ የሚያስገባ ሥራ ሠራሁ ብሎ አያስብም። እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ትእዛዙን ዘንግተነዋል፣ ወይም ጎረቤትን መውደድና ጎረቤትን ለማሸነፍ መመኘት በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው።

ጥያቄው ለጨዋታ ወዳጆች ብቻ የሚነሣ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን። ሰው ለወገኑ ማድላቱ፣ ጥቂቶች ስለ ብዙዎች መቆማቸው፣ ሲሸነፉ መታገሥና ሲያሸንፉ መጠንን ማወቅ፣ እነዚህ ሁሉ ከሌላው ቦታ ይልቅ በጨዋታ ሜዳ ላይ ተገልጠው ይታያሉ። በሸንጎና በመሥሪያ ቤት ሰው አሳቡን ይሸፍናል፤ በሜዳ ዳር የቆመ ተመልካች ግን በልቡ ያለውን ይጮኸዋል። ስለዚህ የአንድን ሕዝብ ጠባይ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ያ ሕዝብ ከጎረቤቱ ጋር ሲጋጠም ቢያየው ብዙ ትምህርት ያገኛል።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ዓይነት አስተያየት ሲነገር እንሰማለን። አንደኛው ወገን፣ «ከጎረቤት ጋር የሚደረግ ግጥሚያ የጠብ መነሻ ነው፤ ሰላም የሚፈልግ ሕዝብ ቢተወው ይሻለዋል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ከሜዳው ውጭ ትርጉም የለውም፤ ነገር አታክብዱት» ይላል። እኛ ሁለቱንም ለመቀበል እንቸገራለን። የመጀመሪያው ከበሽታው ጋር በሽተኛውንም ይቀብራል። ሁለተኛው ደግሞ ሰዎች ስለ ጨዋታ ያለቀሱትን ልቅሶና የተጣሉትን ጠብ እንዳላየ ሆኖ ያልፋል። እውነቱ በሁለቱ መካከል እንዳለ ለማሳየት እንሞክር።

እኛ በመንግሥት ሥራ ላይ በምንኖርባት በይጁቤና በዙሪያዋ፣ እንደ ሌላውም የጎጃም ደጋ፣ የጥንቱ የጎረቤት ግጥሚያ የገና ጨዋታ ነው። ይጁቤ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ናት፤ በስተ ሰሜን ደብረ ማርቆስ ይገኛል፣ በስተ ደቡብ ደግሞ አገሩ እየወረደ ሄዶ ከዓባይ በረሃ ይደርሳል። ታኅሣሥ በዚህ ደጋ ነፋሱ የሚበረታበት፣ ሰማዩም የሚጠራበት ወር ነው፤ አዝመራው ታጭዶ ስለሚነሣም ሜዳው ለጨዋታ ይለቀቃል። እረኞች የጌታን ልደት በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው የተነሣ በበትራቸው ሩር እየመቱ ተጫወቱ የሚለውን ትውፊት መሠረት በማድረግ ጨዋታው ታኅሣሥ 29 ቀን በሚውለው በልደት በዓል ሰሞን ይደረጋል፤ ስሙንም ያገኘው ከበዓሉ ነው።

የአጨዋወቱን ነገር አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። ተጫዋቹ ሁሉ ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይይዛል፤ ከእንጨት የተጠረበች ወይም ከጠፍር የተሠራች ሩር በመካከል ትጣላለች፤ ሁለቱ ወገኖችም ሩሯን እየመቱ ወደ ተጋጣሚያቸው ዳርቻ ለማድረስ ይታገላሉ። በጥንቱ ልማድ የሰዉ ቍጥር በሕግ አልተወሰነም፤ ሜዳውም በኖራ አልተሰመረም። የሚጋጠሙት አንድ ሰፈር ከሌላው ሰፈር፣ አንድ አጥቢያ ከአጎራባቹ አጥቢያ፣ የላይኞቹ ከታችኞቹ ጋር ነው። ከሩቅ አገር የሚመጣ ተጋጣሚ የለም። ዓመቱን ሙሉ በደቦ አብረው ያጨዱ፣ በአንድ ዕድር የሚቀባበሩ፣ በአንድ ገበያ የሚገበያዩ ሰዎች ናቸው በዚያ ቀን ለሁለት የሚከፈሉት።

ሁለት ነገሮች በተለይ እንዲስተዋሉ እንወዳለን። አንደኛው፣ በዚህ ጨዋታ ላይ ጌታ የተባለ ሁሉ እንደማይቆጣ የሚናገረው የታወቀው አባባል ነው። በዘመነ መሳፍንትም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ ትልቅና ትንሽ አብሮ ሊቀመጥ በማይችልበት ማኅበር ውስጥ፣ ባላባቱና ጭሰኛው በአንድ ሜዳ ላይ ለአንዲት ሩር ይሻሙ ነበር፤ ጭሰኛው ጌታውን ቢገፋው ወይም በግጥም ቢነካው ጌታው ቂም እንዳይዝ ልማድ ይከለክለው ነበር። ሁለተኛው፣ በተጫዋቹ እጅ ያለው ዱላ መሆኑ ነው። ዱላ በደጋ ሰው እጅ ለጠብም ይውላል። በዚያ ቀን ግን በመቶ የሚቆጠር ሰው ዱላውን እያነሣ የሚመታው ሩሯን ብቻ ነው። ጕዳት አይደርስም ለማለት አይደለም፤ እግርም ይሰበራል፣ ግንባርም ይፈነከታል። ዳሩ ግን በስሕተት የመጣውን ምት ሆን ተብሎ ከመጣው ምት ለይቶ ማየትን ሕዝቡ ከአባቶቹ ተምሯል። ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም፤ ብዙ ሸንጎና ብዙ ፍርድ ቤት የሚደክምበት ትምህርት ነው።

ከዚህ ተነሥተን ጠላትነትንና ተፎካካሪነትን እንለያቸው። ሁለቱም ማሸነፍን ይመኛሉ፤ ስለዚህ በውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ልዩነታቸው በምኞቱ መጨረሻ ላይ ነው። ጠላት፣ ያኛው ወገን ከፊቱ እንዲጠፋ ይመኛል፤ ባይኖር ደስ ይለዋል። ተፎካካሪ ግን ያኛው ወገን እንዲኖር፣ እንዲበረታ፣ ዛሬ ቢሸነፍም ለከርሞ ተመልሶ እንዲመጣ ይመኛል፤ ያኛው ወገን ባይመጣ የእርሱም በዓል ይጠፋበታልና። እንግዲህ ልባችንን ለመመርመር የሚጠቅም አንድ ጥያቄ ይህን ይመስለናል፤ ተጋጣሚያችን በሚመጣው ዓመት ሜዳው ላይ ባይገኝ ደስ ይለናልን ወይስ ይከፋናል? የሚከፋን ከሆነ በምኞታችን ውስጥ ጥላቻ የለም፤ ቢኖርም ጥቂት ነው። ደስ የሚለን ከሆነ ግን ሜዳ የወጣነው ለጨዋታ አይደለም ማለት ነው።

የግጥሚያው ዓመታዊ መሆን ትልቅ ነገር የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በየዓመቱ እንጋጠማለን ብሎ መስማማት፣ በሌላ አነጋገር፣ በየዓመቱ ጎረቤቶች ሆነን እንቆያለን ብሎ መስማማት ነው። እንግሊዝና ስኮትላንድ በ1314 በባኖክበርን፣ በ1513 በፍሎደን፣ ከዚያም በፊትና በኋላ በብዙ ጦር ሜዳ ተፋጅተዋል። እነዚሁ ሁለት አገሮች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1872 ዓ.ም. ኅዳር ወር መጨረሻ ላይ ግላስጎው ከተማ ውስጥ በእግር ኳስ ተጋጠሙ፤ ጨዋታውም ያለ ግብ በእኩል ተፈጸመ። በዓለም የመጀመሪያው የአገርና የአገር የእግር ኳስ ግጥሚያ የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ፣ በጦርነት ዘመን ከመቋረጡ በቀር፣ እስከ 1989 ድረስ በየዓመቱ ሲጋጠሙ ኖረዋል። በአፍሪካችንም ኬንያና ኡጋንዳ፣ ሁለቱም በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር በነበሩበት ጊዜ፣ ከ1926 ጀምረው የጎሴጅ ዋንጫ በተባለው ውድድር ይገናኙ ነበር፤ ታንጋኒካና ዛንዚባር ኋላ ተጨመሩበት። ዛሬ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች የሚወዳደሩበት የሴካፋ ዋንጫ የወጣው ከዚያ ሥር ነው። አገራችን ኢትዮጵያም ይህን ዋንጫ በ1980፣ በ1994፣ በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. ወስዳለች።

ስለ ዓመታዊ ግጥሚያ ስናስብ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ግን የአውስትራሊያና የኒው ዚላንድ ነገር ነው። እነዚህ ሁለት ጎረቤታሞች ራግቢ ሊግ በሚባለው፣ በእያንዳንዱ ወገን 13 ሰዎች ሞላላ ኳስ በእጃቸው ይዘው እየተጋፉ በሚጫወቱት ጨዋታ ይፎካከራሉ። ጨዋታው ራሱ ከጥንቱ ራግቢ የተለየው በ1895 በሰሜን እንግሊዝ ነው፤ ምክንያቱም ለጨዋታ ሲሉ ከሥራ የቀሩ ሠራተኞች የጎደለባቸው ደመወዝ ይካሳቸው ወይስ አይካሳቸው የሚለው ክርክር ነበር። የሁለቱ አገሮች ወታደሮች ሚያዝያ 25 ቀን 1915፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ በጋሊፖሊ የባሕር ዳርቻ በአንድነት ወርደው በብዛት ወደቁ። ሕዝቦቻቸው ያን ዕለት በየዓመቱ በኀዘን ያስቡታል። ከ1997 ጀምሮም፣ በመካከሉ ለጥቂት ዓመታት ቢቋረጥም፣ እስከ 2017 ድረስ ብሔራዊ ቡድኖቻቸው በዚያ መታሰቢያ ሰሞን በራግቢ ሊግ ይጋጠሙ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ያሸነፈችው አውስትራሊያ ናት፤ ኒው ዚላንድ ግን መምጣቷን አልተወችም።

አብረው ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ ይሆን ዘንድ የልጅ ልጆቻቸው ፊት ለፊት መቆማቸው በመጀመሪያ ሲያዩት ግራ ያጋባል። ነገሩን ሲያስቡት ግን ትርጉም አለው። ተጫዋቹ በዚያ ቀን ተጋጣሚውን ሲያይ፣ «ይህ ሰው ሊያሸንፈኝ ይፈልጋል» ይላል፤ ወዲያውም፣ «የዚህ ሰው አያት ከአያቴ ጎን ወድቋል» ብሎ ያስባል። ሁለተኛው አሳብ የመጀመሪያውን አያጠፋውም፤ መጠን ያበጅለታል እንጂ።

ይህ ዓይነቱ ነገር ለኛም እንግዳ አይደለም። ከዓባይ ማዶ በሆሮ ጉዱሩ አገር፣ እምባቦ በተባለው ቦታ፣ በ1874 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከዓባይ በስተ ደቡብ ስላለው አገር ተዋግተው ብዙ ሰው አልቋል፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ተማርከዋል። ከ14 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ እነዚሁ ሁለት ሰዎች ዓድዋ ላይ በአንድ ወገን ተሰልፈው ነበር። የትግሬውም፣ የጎንደሩም፣ የወሎውም፣ የሐረርጌውም ጦር በዚያ ነበር። እንግዲህ በዛሬው ዘመን አንዱ ክፍለ አገር ከሌላው ጋር በእግር ኳስ ቢጋጠም፣ የተጋጣሚው ቡድን ልጆች እነማን እንደ ሆኑ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የእምባቦም የዓድዋም ልጆች ናቸው። አንዱን አስታውሶ ሌላውን መርሳት ግን ታሪክን በግማሽ ማንበብ ይሆናል።

እዚህ ላይ ተከራካሪያችን ዝም አይለንም። «መልካም አሳብ ነው፤ ነገር ግን ጎረቤታሞች በኳስ ምክንያት ጦርነት ያደረጉበት ጊዜ አለ» ይለናል። ኤል ሳልቫዶርና ሆንዱራስ የተባሉት የመካከለኛው አሜሪካ አገሮች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1969 ዓ.ም. ሰኔ ወር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሦስት ጊዜ ተጋጠሙ፤ በየከተማው ብጥብጥ ተነሣ፤ በሐምሌም ጦርነት አድርገው በአራት ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ዓለምም የእግር ኳስ ጦርነት ብሎ ሰየመው። ዳሩ ግን ነገሩን ጠለቅ ብሎ የመረመረ ሰው መነሻው ኳስ እንዳልሆነ ያያል። መሬት የጠበባቸው ወደ 300,000 የሚጠጉ የኤል ሳልቫዶር ገበሬዎች ድንበር ተሻግረው በሆንዱራስ ይኖሩ ነበር፤ ሆንዱራስም የመሬት አዋጅ አውጥታ ታስለቅቃቸው ጀምራ ነበር። ጠቡ ሜዳው ላይ አልተወለደም፤ ተወልዶ አድጎ ወደ ሜዳው መጣ እንጂ። ይሁን እንጂ ይህን ማለታችን ጨዋታውን ከነቀፋ ሁሉ ነጻ አያወጣውም። ደረቅ ሣር በተከመረበት ቦታ ክብሪት የሚጭር ሰው፣ ሣሩን እኔ አልከመርኩትም ቢል አይድንም።

የኛንም አገር ነገር እናንሣ። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የአጎራባች ክልሎች ክለቦች ሲገናኙ ተመልካቹ የሚጮኸው ስለ ኳስ መሆኑ ቀርቶ ስለ ብሔር ሆኖ ነበር። ድንጋይ ተወረወረ፤ ሰው ተጎዳ፤ አንዳንዱም ግጥሚያ ከባለሜዳው ከተማ ርቆ በሌላ ቦታ እንዲደረግ ግድ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. ዋንጫውን የመቀሌ 70 እንደርታ ክለብ ወሰደው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ወሰደው። በዚህ በሁለተኛው ዓመት ግን ጦርነት ተነሥቶ ስለ ነበር የትግራይ ክለቦች በሊጉ ውስጥ አልነበሩም፤ እስከ 2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ድረስም አልተመለሱም።

ከላይ ያቀረብነውን ጥያቄ እዚህ ላይ መልሰን እናንሣው። ተጋጣሚያችን ሜዳው ላይ ባይገኝ ደስ ይለናልን? በእነዚያ ዓመታት ተጋጣሚው አልተገኘም። ፋሲል ከነማ ዋንጫውን በሥራው አገኘው፤ ይህን ማንም ሊወስድበት አይችልም። ዳሩ ግን የቀድሞው ባለ ዋንጫ ባልነበረበት ዓመት የተገኘ ድል፣ የቀድሞው ባለ ዋንጫ ፊት ለፊት ቆሞ ከተገኘው ድል ጋር እኩል አይጣፍጥም፤ ይህንንም ከማንም ይልቅ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ያውቁታል ብለን እንገምታለን። ከ2011 በፊት በነበሩት ጊዜያት፣ «እነዚህ ሰዎች ሁለተኛ እዚህ አይምጡብን» እያለ የጮኸ ተመልካች ሁሉ፣ በመቀሌም ይሁን በጎንደር፣ በባሕር ዳርም ይሁን በሌላ ቦታ፣ የጮኸው ነገር ሲፈጸም ምን እንደሚመስል በኋላ አየው። ባዶ የቀረው ሜዳ ብቻ አልነበረም።

እንግዲህ የገና ጨዋታ ለምን በብዙ ዘመን ውስጥ ጎረቤትን ከጎረቤት ሳያፋጅ ቆየ? ሰው ከዛሬው ይልቅ ደግ ስለ ነበረ ነው ብለን አናምንም፤ የጥንቱ ሰው በመሬትና በደም እንዴት ይጋደል እንደ ነበር እናውቃለን። ምክንያቱ ሌላ ይመስለናል። ደም የተቃባ ሰው ከደመኛው ጋር ሜዳ ከመውጣቱ በፊት ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቀዋል፤ ወይም አንዱ ይቀራል። ጨዋታው ጠብን ያበርዳል ብሎ ማንም አይጠብቅም ነበር፤ ጠቡ አስቀድሞ በቦታው በሽምግልና ማለቅ ነበረበት። እኛ ግን በዚህ ዘመን የተገላቢጦሹን ስናደርግ እንታያለን። ያልታረቁ ሰዎችን ሜዳ ላይ እናገናኝና፣ «ስፖርት ለሰላም» የሚል ጨርቅ ከበላያቸው እንሰቅላለን። ከዚያም ሲጣሉ እንደነቃለን። ጨዋታ የሰላም ፍሬ ነው፤ ዘሩን ለመተካት አይችልም።

አሁን ወደ ሁለተኛው የጥያቄአችን ክፍል እንለፍ። በዓመታዊ ግጥሚያ ላይ የሚጫወቱት ጥቂቶች ናቸው፤ «አሸነፍን» የሚለው ግን ሁሉ ነው። ይህ «እኛ» የሚለው ቃል ከምን ላይ ይቆማል? ዛሬ በይጁቤም ሆነ በሌላው ከተማ ኳስ በቴሌቪዥን በሚታይባቸው ቤቶች ተሰብስበው የእንግሊዝን ክለቦች የሚመለከቱ ወጣቶች፣ አይተውት በማያውቁት አገር አንድ ክለብ ባሸነፈ ጊዜ፣ «አሸነፍናቸው» ብለው ይወጣሉ። አንሥቅባቸውም፤ ሰው ከራሱ የሚበልጥ ነገር ክፍል ለመሆን ያለውን ፍላጎት ያሳያልና። ነገር ግን እነዚያ ተጫዋቾች እነርሱን አልወከሉም። ውክልና ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ የሚወክል ሰው እንዳለ ሁሉ፣ «አዎን፣ ይህ ሰው ስለ እኔ ቆሟል፤ ሥራውም ያስጠይቀኛል» የሚል ተወካይ ላኪም ያስፈልጋል።

ይህን በሚገባ የሚያስረዳ ታሪክ ከራሳችን አህጉር አለን። በ1949 ዓ.ም. የካቲት ወር ካርቱም ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲዘጋጅ መሥራቾቹ አራት አገሮች ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ግን በሕጋቸው ምክንያት ነጭና ጥቍር የተቀላቀለበት ቡድን አንልክም ስላሉ ከውድድሩ ወጡ። የቀሩት ሦስቱ አገሮች ያደረጉት ነገር የአስተዳደር ውሳኔ ብቻ አልነበረም፤ የሥነ ምግባር ፍርድም ነበረ። ፍርዱም ይህ ነበር፤ ከሕዝቡ የሚበዛውን ክፍል አስወጥቶ የተመረጠ ቡድን፣ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ አገሩን አይወክልም። ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩትና ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካን እግር ኳስ ማኅበር በፕሬዚዳንትነት የመሩት የኛው ይድነቃቸው ተሰማ በዚህ አቋም እስከ ዕለተ ሞታቸው ጸንተዋል።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታ ሁለት ጊዜ ተደርሶባታል፤ ድሉም የተገኘው በተጨማሪው ሰዓት ነው። የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር፤ ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ተጫውቷል፤ መንግሥቱ ወርቁም ከዚሁ ቡድን ነበር። ቫሳሎዎቹ የአሥመራ ልጆች ናቸው፤ አባታቸው ኢጣሊያዊ፣ እናታቸው ኤርትራዊት። የኢጣሊያ ወረራ ትዝታ ገና ባልደረቀበት ዘመን፣ የኢጣሊያዊ ልጅ የኢትዮጵያን ሕዝብ ወክሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። በዚያ ቀን «አሸነፍን» ያለው ሰው ሁሉ፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ «እኛ» ሲል ቫሳሎን ጨምሮ ተናግሯል። ዛሬ ኤርትራ ራሷን የቻለች ጎረቤት አገር ናት፤ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች ከባድ ጦርነት አድርገዋል። የ1954ቱ ድል ግን ሊከፈል አይችልም፤ ዋንጫውን ያመጣው እግር ከዚያም ከዚህም የመጣ ነበርና።

ከዚህ የምንማረው፣ «እኛ» የሚለው ቃል ዕዳም እንዳለበት ነው። አንድ ሰው የቡድኑን ድል የራሱ አድርጎ የሚቈጥር ከሆነ፣ የቡድኑንና የደጋፊውን ነውር የራሱ አድርጎ ሊቈጥር ይገባዋል። «እኛ አሸነፍን» ብሎ፣ ድንጋይ ሲወረወር ግን «እነዚያ ወጣቶች ወረወሩ» የሚል ሰው በትርፉ ተካፋይ፣ በኪሳራው ባዕድ ለመሆን ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን ነጋዴ በገበያ ማንም ሸሪክ አያደርገውም።

ይህ ነገር እኛን የመንግሥት ሠራተኞችንና መምህራንን በቅርብ ይነካናል፤ ሥራችን ውክልና ነውና። ባለጉዳዩ ወደ መስኮታችን በመጣ ጊዜ የሚያየው የእገሌን ልጅ እገሌን አይደለም፤ መንግሥትን ነው የሚያየው። ተማሪው በመምህሩ ፊት ሲቆም ትምህርትን ራሱን ያያል። ብናስቀይመው የተቀየመው በእኛ ብቻ አይሆንም። የብሔራዊ ቡድን ልብስ የለበሰ ወጣት ዳኛውን ቢሰድብ ሕዝቡን እንዳሰደበ ሁሉ፣ የመንግሥትን ወንበር የያዘ ሰውም ለወገኑ ቢያደላ ያሰደበው ወንበሩን ነው። ወረዳችን ከአጎራባቹ ወረዳ ጋር በግብር አሰባሰብ፣ በትምህርት ፈተና ውጤት፣ በመንገድ ሥራ ሲወዳደር ስንቶቻችን ነን ጎረቤታችን እንዲበረታ ከልባችን የምንመኘው? የጎረቤት ወረዳ ተማሪ በመውደቁ የኛው ተማሪ አንድ ፊደል አይጨምርም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንደመድማለን? በመጀመሪያ፣ ጎረቤትን ለማሸነፍ መመኘት ራሱ ነውር አይደለም። ሰው ከሚመስለው ጋር ካልተለካ ራሱን አያውቅም፤ ጎረቤትም ከማንም ይልቅ የሚመስለን ነው። በአየሩም፣ በእህሉም፣ በቋንቋውም፣ በድኽነቱም ይመስለናል። በእርሱ መሸነፍ ከሩቅ ባዕድ ሽንፈት ይልቅ የሚያንገበግበው፣ የእርሱ ብልጫ ምክንያት ስለሚያሳጣን ነው። እርሱ የቻለውን እኛ ያልቻልነው ለምን እንደ ሆነ ራሳችንን እንጠይቃለን፤ ይህም ጥያቄ ለአእምሮ ጤና ነው።

ሁለተኛ፣ ምኞቱ መጠኑን እንዳያልፍ የአሸናፊም የተሸናፊም ግዴታ አለ። የተሸናፊ ግዴታ ሽንፈቱን ሽንፈት ብሎ መጥራት ነው። በየጊዜው ዳኛው ሰርቆናል የሚል ሕዝብ ለከርሞ የሚማረው ነገር የለውም። የአሸናፊ ግዴታ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል፤ ፉከራውን ከፀሐይ ጋር አብሮ ማስገባት ነው። በገና ጨዋታ ላይ የተባለው ስድብ በማግስቱ ገበያ ላይ አይደገምም፤ የደገመው ሰው ጨዋታ አያውቅም ይባላል። በዘመናችን ስድቡ በየስልኩ ላይ ተጽፎ ስለሚቀርና በማግስቱም፣ በወሩም፣ በዓመቱም ስለሚነበብ ይህ ሕግ ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልገናል።

ሦስተኛ፣ ይህንንም ከሁሉ አብልጠን እንናገራለን፣ ግጥሚያ ከመደረጉ በፊት ዕርቅ መቅደም አለበት። ሽማግሌው፣ አስተዳዳሪው፣ ካህኑ፣ ሼኩ፣ መምህሩ የየራሳቸውን ሥራ ሳይሠሩ፣ 22 ወጣቶች በ90 ደቂቃ ውስጥ ሊሠሩላቸው አይችሉም። በትምህርት ቤቶቻችን የሚደረጉት የክፍልና የክፍል፣ የወረዳና የወረዳ ግጥሚያዎች ለዚህ ጥሩ መለማመጃ ናቸው። መምህሩ ተማሪውን ኳስ እንዲመታ ብቻ ሳይሆን፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ወደ ተጋጣሚው ሄዶ እጁን እንዲጨብጥና፣ «ለከርሞ እንገናኝ» እንዲል ቢያስተምረው፣ ከብዙ የሥነ ዜጋ ምዕራፍ የሚበልጥ ትምህርት ሰጠው ማለት ነው።

በመጀመሪያ ያነሣነው ትእዛዝ ባልንጀራህ ሁልጊዜ ያሸንፍህ አይልም። ለራሳችን የምንወደውን ለእርሱም እንድንወድ ግን ይጠይቀናል። ለራሳችን የምንወደው ምንድን ነው? ብርቱ መሆን፣ ሜዳ መውጣት፣ በእኩል ሕግ መዳኘት፣ ተሸንፈንም ቢሆን በሚመጣው ዓመት ተመልሰን መምጣት። ይህን ሁሉ ለጎረቤታችን ከወደድንለት በኋላ በጨዋታው ቀን ልናሸንፈው ብንመኝ ትእዛዙን አልተላለፍንም ብለን እናምናለን።